የሰውነት ዘበኛ ሲሳሳት

(በሬዲዮ የተሰጠ የጤና ትምህርት፤ ለአዲስ አንባቢዎች በጽሑፍ የቀረበ)

 

ባለፉት ጊዜያት ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድና ስለ ሕፃናት ክትባት ተነጋግረናል። ዛሬ የምንነጋገረው ደግሞ ስለ አንጎል ነው። ፊደል የምንለየው በአንጎላችን ነው። የልጆቻችንን ስም የምናስታውሰው፣ እጃችንን አዝዘን እርሳስ የምናስይዘው በአንጎላችን ነው። ታዲያ ይህን የመሰለ ትልቅ ነገር አንዳንድ ጊዜ የሚጎዳው ከውጭ የመጣ ጠላት ሳይሆን የገዛ ሰውነታችን መሆኑን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ይህ ጉዳይ መምህርንም ወላጅንም በቀጥታ ይመለከታል። ለምን ቢባል፣ በዚህ ሕመም የተያዘ ልጅ መጀመሪያ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በደብተሩ ላይ ነው። ሳያውቁለትም ቀርተው የሚቀጡት አሉ። ስለዚህ በጥሞና እናዳምጥ፤ ያነበበም ላላነበበው ይንገር።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘበኛው ማን ነው?

ሰውነታችን የተሠራው በዓይን ከማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። እነዚህን ክፍሎች ሕዋሳት እንላቸዋለን። ቤት በድንጋይና በጭቃ እንደሚሠራ ሁሉ ቆዳችን፣ ልባችን፣ አንጎላችንም በሕዋሳት ተሠርቷል።

በዚህ ቤት ውስጥ ሊገቡ የሚፈልጉ ሌቦች አሉ። እነሱም የበሽታ ተሕዋስያን ናቸው። በአፍ፣ በአፍንጫ፣ በቁስል በኩል ይገባሉ። ሰውነት ታዲያ ዝም ብሎ አያይም። በደማችን ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ አንቲቦዲ የሚባል ነገር ያመርታሉ። አንቲቦዲ የሰውነት ዘበኛ ነው ብንል ያስኬዳል።

የአንቲቦዲ ቅርጽ ምን ይመስላል? ጎጆ ሲሠራ ጣራ የምንደግፍበትን ባላ እንጨት አስቡ። ከታች አንድ፣ ከላይ ሁለት ቅርንጫፍ አለው። አንቲቦዲም እንዲሁ ነው። በሁለቱ ጫፎቹ ጠላቱን ይይዛል። አንዴ ከያዘ በኋላ ሌሎች የሰውነት ኃይሎች መጥተው ያጠፉታል።

ታዲያ ዘበኛው ጠላቱን ከወዳጁ በምን ይለያል? በምልክት ነው። እያንዳንዱ ተሕዋስ በላዩ ላይ የራሱ ምልክት አለው። ዘበኛው ያንን ምልክት እንደ ጽሑፍ ያነበዋል። አንድ ጊዜ ካነበበም አይረሳውም። ልጆቻችንን ለኩፍኝ የምናስከትበውም ለዚህ ነው። ክትባቱ የኩፍኝን ምልክት ለዘበኞቹ አስቀድሞ ያስተምራል። እውነተኛው ኩፍኝ ሲመጣ "እናውቅሃለን!" ብለው ይይዙታል።

ሰማ እና ሸማ

እስቲ አሁን እርሳስና ደብተራችሁን አውጡ። ሁለት ቃላት ጻፉ። አንደኛው "ሰማ" ነው። ሁለተኛው "ሸማ" ነው። አያችሁ? አንዱ በጆሮ መስማት ነው፤ ሌላው የሚለበስ ነው። ትርጉማቸው እጅግ የተራራቀ ነው። በጽሑፍ ግን የሚለያቸው በ"ሸ" ራስ ላይ ያለችው አንዲት ትንሽ ጭረት ብቻ ናት። የሚቸኩል አንባቢ "ሸማ" የሚለውን "ሰማ" ብሎ ሊያነበው ይችላል።

የሰውነት ዘበኛም እንዲህ ይሳሳታል። አንዳንድ ተሕዋስያን በላያቸው ያለው ምልክት ከገዛ ሕዋሳታችን ምልክት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ዘበኛው ተሕዋሱን ለመያዝ ይሠለጥናል። ከዚያ በደም ውስጥ ሲዘዋወር የራሳችንን ሕዋስ ያገኛል። "ይሄም ጠላት ነው" ብሎ ይይዘዋል። ሌባ ሊጠብቅ የተቀጠረ ዘበኛ የቤቱን ልጅ ያዘ ማለት ነው።

ሰውነት እንዲህ ራሱን ሲያጠቃ የሚመጡት በሽታዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። መገጣጠሚያን የሚያጠቃ አለ። ቆዳን የሚያጠቃ አለ። ዛሬ የምናየው ግን አንጎልን የሚያጠቃውን ነው። ከዚህም ሁለት ምሳሌዎችን እንወስዳለን። አንዱ በልጆች ላይ የሚታይ ነው፤ ሌላው በብዛት በወጣቶች ላይ።

ከጉሮሮ እስከ አንጎል

ልጆች ጉሯቸውን ሲታመሙ እኛ ምን እንላለን? "ቶንሲል ነው፣ ይሻለዋል" እንላለን። እውነት ነው፤ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በራሱ ይድናል። ነገር ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባል አንድ ባክቴሪያ አለ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ጨሌ ተሰካክቶ ይታያል። ይህ ባክቴሪያ ያመጣው የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ ሌላ መዘዝ ያመጣል። ለባክቴሪያው የተሠለጠኑት ዘበኞች ወደ ገዛ ሰውነት ይዞራሉ። መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ የልብ በሮች ይጎዳሉ። ሐኪሞች ሩማቲክ ፊቨር ይሉታል። በአገራችን ብዙ ወጣቶች ልባቸውን የሚታመሙት ከዚህ የተነሣ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይኸው ነገር አንጎልንም መንካቱን ነው። የጉሮሮው ሕመም ካለፈና ከተረሳ በኋላ፣ ከአንድ ወር እስከ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ቆይቶ፣ ልጁ ወይም ልጅቷ ባሕርይዋ ይለወጣል። ብዙ ጊዜ የሚይዛቸው ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆኑትን ልጆች ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ልጆች ይበዛሉ።

ምልክቱ ምንድን ነው? እጅና እግር ሳይታዘዙ ይንቀሳቀሳሉ። ፊት ይኮማተራል። ትከሻ ይነሣል፣ ይወርዳል። ልጅቷ ብርጭቆ ስትይዝ ይወድቅባታል። እንጀራ ስታቀርብ ይደፋባታል። ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፤ ወዲያው ትስቃለች። እንቅልፍ ሲወስዳት ግን ሰውነቷ ያርፋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጽሕፈቷ ይበላሻል። ትናንት በመስመር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረው ፊደል ዛሬ ይወላገዳል። ከመስመሩ ይወጣል።

እንግዲህ አስቡት። በቤት እናት "ተንቀዥቃዣ! ዕቃ ሰባሪ!" ትላለች። በትምህርት ቤት መምህሩ "ሰነፍ ሆንሽ፣ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ" ይላል። ልጅቷ ግን ሰነፍ አይደለችም። ቀጥ ብላ ልቀመጥ ብትልም አትችልም። አለንጋ ይህን በሽታ አያድነውም። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ጥሩ ጽሕፈት ማስተማርን እንማራለን። ከዚህ ጋር መጨመር ያለበት ነገር ይህ ነው፤ ጥሩ ይጽፍ የነበረ ልጅ በድንገት መጻፍ ሲያቅተው ከቅጣት በፊት ጤናው ይጠየቅ።

ሐኪሞች ይህን በሽታ የሚመረምሩበት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ልጁን "ሁለት ጣቴን አጥብቀህ ያዝ" ይሉታል። ጤነኛ ልጅ ይይዝና ይቆያል። በሽታው ያለበት ግን ይጨብጣል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይጨብጣል። ልክ ላም እንደሚያልብ ሰው እጅ ነው። ሐኪሞችም "የአላቢ አያያዝ" ብለው ነው የሰየሙት። ላም ያለባችሁ ሁሉ ይህ ወዲያው ይገባችኋል።

ምሁራን እንዴት ደረሱበት?

ይህን በሽታ በግልጽ የጻፈው ቶማስ ሲደንሃም የሚባል የእንግሊዝ አገር ሐኪም ነው። ዘመኑም 1686 ነበር። ሕመምተኛው ልጅ ውኃ ሊጠጣ ጽዋ ሲያነሣ እጁ ወዲህና ወዲያ እያለ ወደ አፉ ቶሎ እንደማይደርስለት አስተውሎ ጻፈ። በሽታው እስከ ዛሬ በእርሱ ስም "የሲደንሃም ኮሪያ" ተብሎ ይጠራል። ኮሪያ ማለት በጥንት ግሪክኛ ጭፈራ ማለት ነው። የአካሉን እንቅስቃሴ አይተው ነው እንዲህ ያሉት።

ሲደንሃም ምልክቱን አየ እንጂ ምክንያቱን አላወቀም። ከዚያ በኋላ ወደ 300 ዓመት ገደማ አለፈ። በ1976 ሁስቢ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በዚህ በሽታ የተያዙ 30 ልጆችን ደም መረመሩ። ምን አገኙ መሰላችሁ? ወደ ግማሽ በሚጠጉት ልጆች ደም ውስጥ የአንጎልን ሕዋሳት የሚይዝ አንቲቦዲ አገኙ። የሚይዘውም እንቅስቃሴን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ያሉትን ሕዋሳት ነበር። ደግሞ ያንን ደም ከስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ቆዳ ጋር ሲያገናኙት አንቲቦዲው ከባክቴሪያው ጋር ተጣበቀና አለቀ። ይህ ምን ያሳያል? ባክቴሪያውን የሚይዘውና አንጎልን የሚይዘው ዘበኛ አንድ መሆኑን ያሳያል። "ሰማ" እና "ሸማ" ተምታተዋል ማለት ነው።

በ2003 ደግሞ ማድሊን ከኒንግሃም የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪና የሥራ ጓደኞቻቸው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። አንቲቦዲው የአንጎልን ሕዋስ ሲነካ ሕዋሱ የሥራ ምልክት እንደሚያስተላልፍ አሳዩ። ዘበኛው የቤቱን በር ያለ ዕረፍት እንደሚያንኳኳ ማለት ነው። የቤቱ ሰው ማረፍ አይችልም። የልጅቷም እጅ የማያርፈው ለዚህ ነው።

ደግነቱ ይህ በሽታ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ከጥቂት ወራት በኋላ ይለቃል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር አይረሳ። አንደኛ፣ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ አንጎሉን የነካው ልብንም ነክቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የልጁ ልብ በሐኪም መታየት አለበት። ጉሮሮው እንደገና እንዳይታመምም የፔኒሲሊን መርፌ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለብዙ ዓመታት ይሰጠዋል። መርፌው ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። "ልጄ ድኗል፣ ይብቃው" ማለት ስሕተት ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመነሻው መከላከል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? በስትሬፕቶኮከስ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ በፔኒሲሊን ከታከመ ይህ ሁሉ መዘዝ ሊቀር ይችላል። ጉሮሮውን ታሞ ትኩሳት ያለው፣ መዋጥ ያቃተው፣ አንገቱ ሥር ያበጠ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ክኒን ከታዘዘለትም ተሻለኝ ብሎ በ3ኛው ቀን አያቋርጥ፤ እስከታዘዘለት ቀን ድረስ ይጨርስ። እንጥል ማስቆረጥ ግን መድኃኒት አይደለም። ባክቴሪያውን አያጠፋም። ደም ያፈስሳል፣ ቁስል ያመጣል እንጂ ልብንም አንጎልንም አያድንም።

ደኅና የነበረች ወጣት በድንገት

አሁን ወደ ሁለተኛው ምሳሌ እንሂድ። ይህ ነገር የተገኘው በአሜሪካ፣ ፊላደልፊያ በምትባል ከተማ ነው። ዮሴፕ ዳልማው የሚባሉ በስፔን አገር የተወለዱ ሐኪም በዚያ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ ነበር። በ2005 እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ስለ አራት ወጣት ሴቶች ጻፉ። አራቱም ቀድሞ ደኅና ነበሩ። በድንገት ባሕርያቸው ተለወጠ። ነገር ረሱ። መተንፈስ እስኪያቅታቸው ድረስ ታመሙ። አራቱም በማሕፀን አጠገብ ባለው የእንቁላል ማምረቻ ላይ ዕጢ ነበረባቸው።

የሆድ ዕጢና የአንጎል ሕመም ምን አገናኛቸው? ይህ ትልቅ ጥያቄ ነበር። መልሱ በ2007 ተገኘ። ዳልማውና ባልደረቦቻቸው እንዲህ ያለ ሕመም የነበረባቸውን 12 ሴቶች መረመሩ። በደማቸውና ከጀርባ አጥንት መካከል በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ አንድ አንቲቦዲ አገኙ። ይህ አንቲቦዲ በአንጎል ሕዋሳት ላይ ያለ አንድ በር ይይዛል። በሩ ኤንኤምዲኤ ተቀባይ ይባላል። አንዱ ሕዋስ ለሌላው መልእክት ሲልክ መልእክቱ በዚህ በር ይገባል። ትናንት የተማራችሁትን ፊደል ዛሬ የምታስታውሱት እነዚህ በሮች ሥራቸውን ስለሚሠሩ ጭምር ነው።

ዕጢውስ? ያ ዓይነት ዕጢ እንግዳ ነገር ነው። በውስጡ ጸጉር፣ ጥርስ፣ የነርቭ ሕዋስም ሳይቀር ይገኛል። የነርቭ ሕዋሱ ያው በር አለው። ሰውነት ዕጢውን እንደ ጠላት ሲያይ ለዚያ በር ዘበኛ ያሠለጥናል። ዘበኛው ከዚያ ወደ አንጎል ይሄዳል። እዚህ ላይ ንባቡን አልተሳሳተም። ቃሉ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። የተሳሳተው ቦታውን ነው።

በ2010 የወጣ ጥናት ደግሞ ዘበኛው በሩን እንዴት እንደሚያጠፋው አሳየ። አንቲቦዲው በሁለት ጫፉ ሁለት በሮችን ያያይዛል። ሕዋሱ የተያያዙትን በሮች ወደ ውስጥ ስቦ ያነሣቸዋል። በር እያነሰ ሲሄድ መልእክት አይገባም። ሰውየው ይረሳል፣ ይቃዣል፣ ይንፈራገጣል። ነገር ግን እዚህ ጋ ደስ የሚል ነገር አለ። ሕዋሱ አልሞተም! አንቲቦዲው ሲወገድ በሮቹ ይመለሳሉ። ስለዚህም በሽታው በጊዜ ከተያዘ ሊድን የሚችል ነው።

የሰዓቱ ሥዕል

ይህን በሽታ ለዓለም ሕዝብ ካሳወቁት አንዷ ሱዛና ካሃላን የምትባል የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ናት። በ2009 የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። መጀመሪያ ትኋን ነከሰኝ ብላ ተጨነቀች። ከዚያ ግራ ጎኗ ደነዘዘ። ሰው ሁሉ የሚከታተላት መሰላት። ሥራዋን መሥራት አቃታት። ሰውነቷ ተንፈራገጠ። ሆስፒታል ገብታ አንድ ወር ያህል ተኛች። ብዙ ምርመራ ተደረገላት፤ ብዙው ምንም አላሳየም። ሰዉ አእምሮዋ ተነካ ብሎ ሊያስብ ምንም አልቀረውም።

በመጨረሻ ሱሄል ናጃር የሚባሉ በሶርያ የተወለዱ ሐኪም መጡ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጧትና "ሰዓት ሣይልኝ" አሏት። ክብ ሣለች። ከ1 እስከ 12 ያሉትን ቁጥሮች ግን ሁሉንም በክቡ የቀኝ ግማሽ ላይ ደረደረቻቸው። ግራው ባዶ ቀረ። ሐኪሙ ይህን አይተው የአንጎሏ አንድ ወገን እንደተቆጣ ተረዱ። የግራውን ዓለም የሚያየው የቀኙ የአንጎል ወገን ነውና። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርመራ ያ አንቲቦዲ ተገኘ። በእርሷ ላይ ዕጢ አልተገኘም፤ ዕጢ ሳይኖርም በሽታው ይመጣልና። ታከመች። ዳነች። ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በ2012 ታሪኳን በመጽሐፍ አወጣች።

አያችሁ፣ አንዲት ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ የሰው ሕይወት መንገድ አሳዩ። በልጆች የደብተር ጽሕፈትም ሆነ በሰዓት ሥዕል አንጎል ራሱን ይናገራል።

በሽታው ሰውን ብቻ አይደለም የሚይዘው። በበርሊን የአራዊት መጠበቂያ ክኑት የሚባል የታወቀ ነጭ የዋልታ ድብ ነበር። በመጋቢት ወር 2011 ጎብኚዎች እያዩት ተንፈራገጠና ውኃ ውስጥ ወድቆ ሞተ። በ2015 ተመራማሪዎች አንጎሉን መርምረው ይህንኑ ኤንኤምዲኤ ተቀባይን የሚያጠቃ አንቲቦዲ አገኙበት። ድቡን ማንም እብድ ነው፣ ልክፍት ነው አላለውም። በሽታ ነው ተባለ። ሰውም እንዲሁ ሊታይ ይገባዋል።

ምን ያህሉ ይድናል?

በ2013 የታተመ ትልቅ ጥናት 577 በሽተኞችን መዝግቧል። ታናሹ የ8 ወር ሕፃን፣ ታላቁ የ85 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ከ100ው 81ዱ ሴቶች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ 501 ሰዎችን እስከ 2 ዓመት ተከታትለዋቸዋል። 394ቱ ራሳቸውን ችለው ለመኖር በቁ። 30ዎቹ ሞቱ። ቶሎ የታከሙት ከዘገዩት የተሻለ ውጤት አግኝተዋል።

ሕክምናውስ ምንድን ነው? ዕጢ ካለ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የተሳሳቱትን ዘበኞች የሚያበርዱ መድኃኒቶች ይሰጣሉ። አንዳንድ ጊዜ ደሙን አጣርተው አንቲቦዲውን ያወጣሉ። መዳኑ ግን ጊዜ ይወስዳል። ወራት የሚፈጅበት ሰው ብዙ ነው። ቤተሰብ መታገሥ አለበት።

እኛስ ምን እናድርግ?

ይህ የአንቲቦዲ ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። "ታዲያ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?" የሚል ይኖር ይሆናል። ይጠቅማል። የመጀመሪያው እርምጃ ማሽን አይጠይቅም፤ ማስተዋልን ነው የሚጠይቀው።

ሀ. ደኅና የነበረ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ባሕርዩ ከተለወጠ፣ ከተቃዠ፣ ከተንፈራገጠ፣ ንግግሩ ከተቋረጠ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይወሰድ። የአንጎል ወባ፣ ማጅራት ገትርም እንዲህ ሊጀምሩ ይችላሉ። እነርሱ ደግሞ ቀን አይሰጡም።

ለ. ለሐኪሙ ሁሉንም ነገር ንገሩ። መቼ ጀመረ? ትኩሳት ነበረው? ተንፈራግጧል? ቀድሞ ጉሮሮውን ታሞ ነበር? መጻፍ የምትችሉ ቀኑን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ማንበብና መጻፍ መማራችሁ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ሐ. በሽተኛውን አትሰሩት፤ አትምቱት፤ በጨለማ ክፍል አትዝጉበት። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። ጸበል የሚወስድ ሰው መድኃኒቱንም ይውሰድ፤ ሐኪም ጋ መሄዱም አይዘግይ።

መ. መምህራን ሆይ፣ ጽሕፈቱ በድንገት የተበላሸ፣ እጁ የማያርፍ ልጅ ስታዩ ወላጆቹን ጥሩ። የድሮውን ደብተርና የአሁኑን ጎን ለጎን አሳዩአቸው። ደብተሩን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ሠ. አትደብቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አንጎል ሲታመም ነውር አይደለም። እግር እንደሚታመም፣ ሆድ እንደሚታመም ሁሉ አንጎልም ይታመማል።

ውድ ተከታታዮቻችን፣ የዛሬው ትምህርታችን በዚሁ አበቃ። ዛሬ ማታ በየቤታችሁ አንድ ነገር አድርጉ። የልጆቻችሁን ደብተር ተቀበሉና ተመልከቱ። ፊደል የቆጠራችሁ በመሆናችሁ አሁን ታነቡታላችሁ። ልጃችሁ እንዴት እንደሚጽፍ እወቁ። የደኅና ቀኑን ጽሕፈት ያወቀ ወላጅ የሕመሙን ቀን ቶሎ ይለያል።

በሚቀጥለው ትምህርታችን እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ሁኑ፣ ጤና ይስጥልኝ።

አዲስ ቃላት

ሕዋስ፦ ሰውነት የተሠራበት በዓይን የማይታይ ትንሽ ክፍል።
አንቲቦዲ፦ በደም ውስጥ ያለ፣ የበሽታ ተሕዋስያንን የሚይዝ የሰውነት ዘበኛ።
ስትሬፕቶኮከስ፦ ጉሮሮን የሚያሳምም ባክቴሪያ።
ዕጢ፦ በሰውነት ውስጥ ያለ ቦታው የሚያድግ እብጠት።

አንብባችሁ ተወያዩ

1. "ሰማ" እና "ሸማ" የሚለያዩት በምንድን ነው? ይህስ ከሰውነት ዘበኛ ስሕተት ጋር ምን ያገናኘዋል?
2. ጉሮሮውን የታመመ ልጅ በስንት ቀን ውስጥ መታከም አለበት? ለምን?
3. በአካባቢያችሁ ጽሕፈቱ በድንገት የተበላሸ ልጅ ቢኖር ምን ታደርጋላችሁ?
4. የሰዓቱ ሥዕል ለሐኪሙ ምን ነገረው?